የ8 ሰዓቷ ፍሬ

ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን የድሬዳዋ ፀሐይ ሰውን ከአስፋልት ላይ ጠርጋ ጥላ ሥር ታስገባለች። በከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር ባጃጆች ይደረደራሉ፤ በመጋላ ሰፈር የሱቁ መጋረጃ ዝቅ ይላል፤ ጫቱን የገዛ ወደ በርጫው ይጣደፋል። በዚህ ሰዓት መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ የሚሰማው ንግግር ለየትኛውም የድሬ ልጅ አዲስ አይደለም።

«አቦ፣ አሞክሳሲሊን አለ?»

«አለ። ማዘዣ ይዘሃል?»

«ለጉሮሮ ደግሞ ማዘዣ! ስድስት ፍሬ ስጠኝና ልሂድ።»

መቀስ የመድኃኒቱን ስትሪፕ ይቆርጣል። ትንሿ ፖስታ ላይ «1×3» ተብሎ ይጫርባታል። ሒሳብ ይከፈላል፤ ወጣቱ ይሄዳል። ነገሩ ሁሉ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ስለ አንቲባዮቲክ በተወራ ቁጥር ወቀሳው የሚያርፈው እንዲህ ያለው ወጣት ላይ ነው። ሰው መድኃኒቱን አይጨርስም፣ ሲሻለው ይተዋል፣ የተረፈውን ለጎረቤት ያካፍላል ይባላል። እውነትነት አለው። ነገር ግን ስድስት ፍሬ የገዛ ሰው ስድስቱንም ውጦ «ጨርሻለሁ» ቢል አልዋሸም። ስህተቱ የተሠራው መድኃኒቱ ከመዋጡ በፊት፣ መስኮቱ ላይ ነው። እርማቱም መጀመር ያለበት ከዚያው ነው።

ያንኑ ጉሮሮ እንመልከት። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም ከቫይረስ የሚመጣ ሲሆን አሞክሳሲሊን ቫይረስን አይነካውም፤ ሕመሙ በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ ጊዜ ይለቃል። ጥቂቱ ግን ስትሬፕቶኮከስ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣ ነው። ይህኛው በተለይ በልጆች ላይ በአግባቡ ካልታከመ የሩማቲክ ትኩሳት አስከትሎ የልብን ቫልቭ ሊያበላሽ ይችላል። በአገራችን ገና በወጣትነታቸው በልብ ሕመም ከሚንገላቱት ውስጥ የብዙዎቹ ታሪክ የሚጀምረው «ቶንሲል ነው» ተብሎ ከታለፈ ጉሮሮ ነው። ሐኪም አይቶ በፔኒሲሊን ወይም በአሞክሳሲሊን ሲያክመው ሕክምናው ብዙውን ጊዜ 10 ቀን ይወስዳል። ስለዚህ የወጣቱ ስድስት ፍሬ፣ ሕመሙ ቫይረስ ከሆነ ስድስቱም ትርፍ ነው፤ ባክቴሪያ ከሆነ ደግሞ የሁለት ቀን ስንቅ ብቻ ነው። በየትኛውም ስሌት ልክ አይመጣም።

ትኩሳት ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ድሬዳዋ የብዙ ትኩሳት አገር ናት። በ2006 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በምርመራ የተረጋገጠው የደንጊ ወረርሽኝ የተነሳው እዚሁ ሲሆን በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችን አልጋ ላይ ጥሏል። በ2011 መጨረሻና በ2012 መጀመሪያ ቺኩንጉንያ መጥቶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው መገጣጠሚያውን ይዞ ሲያነክስ ከረመ። ሁለቱም ቫይረሶች ናቸው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ተራው የወባ ሆነ። እንደ ፈረንጆቹ በ2019 ዓመቱን ሙሉ 205 የወባ ሕመምተኞች ብቻ የተመዘገቡባት ከተማ በ2022 ከጥር እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ከ2,400 በላይ አስመዘገበች። የአርማወር ሀንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ያገኙት ተጠያቂ አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የምትባል፣ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ መራባት የምትወድ ትንኝ ናት።

ሦስቱም ሲጀምሩ ይመሳሰላሉ፤ ብርድ ብርድ ይላል፣ ራስ ይፈልጣል፣ ጉልበት ይከዳል። ሦስቱንም አሞክሳሲሊን አያድናቸውም። ወባ የራሱ መድኃኒት አለው። ደንጊ የሚፈልገው ዕረፍት፣ ብዙ ፈሳሽ፣ ፓራሲታሞልና የሐኪም ክትትል ነው፤ እንዲያውም ደንጊ በተጠረጠረበት ሰው ላይ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ የመድማት አደጋን ስለሚጨምሩ ይከለከላሉ። ከጣት የሚወሰድ አንድ ጠብታ ደም ወባ መሆን አለመሆኑን በደቂቃዎች ውስጥ በሚለይበት ከተማ፣ ለትኩሳት ሁሉ አንቲባዮቲክ መቁረጥ በጨለማ ድንጋይ መወርወር ነው።

ሕጉ በዚህ ላይ አያሻማም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ማዘዣ የሚያስፈልገው መድኃኒት ያለ ማዘዣ እንዳይሰጥ ይከለክላል። ተግባሩ ግን ሌላ ነው። ጎንደር ላይ ተመራማሪዎች ታማሚ መስለው በየመድኃኒት ቤቱ በገቡ ጊዜ ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ መግዛት እምብዛም አላስቸገራቸውም። የድሬዳዋ መስኮት ከጎንደር መስኮት የተለየ ነው ብሎ የሚከራከር ይኖር ይሆን?

ባለ መድኃኒት ቤቱም መልስ አለው፤ «እኔ ብከለክለው ከአጠገቤ ያለው ይሸጥለታል» ይላል። ገዢውም መልስ አለው። የቀን ሠራተኛ ጤና ጣቢያ ተሰልፎ ከዋለ የዚያን ቀን እንጀራ አጣ ማለት ነው። ሁለቱም የሚናገሩት እውነት ነው። መፍትሔው ቁጣ ብቻ ሊሆን የማይችለውም ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ማዘዣ ይዞ የመጣው ሰው ጋ እንሂድ፤ ተመርምሯል፣ መድኃኒቱም በትክክል ታዟል። ፖስታው ላይ ያለችው «1×3» ለእሱስ በቂ ናት? ብዙ ሰው በቀን ሦስት ጊዜ ሲባል ቁርስ፣ ምሳና እራት ብሎ ይተረጉማታል። ጠዋት 2 ሰዓት፣ ቀን 7 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ የዋጠ ሰው ከማታ እስከ ጠዋት 13 ሰዓት ያህል መድኃኒት የለውም። አሞክሳሲሊን ደግሞ ደም ውስጥ አይቆይም፤ መጠኑ በአንድ ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። በየ8 ሰዓቱ እንዲወሰድ የሚታዘዘውም ለዚህ ነው። እዚህ ላይ ቋንቋችንም ትንሽ ወጥመድ አለው፤ «በየ8 ሰዓቱ» እና «በ8 ሰዓት» በወረቀት ላይ የሚለያዩት በጥቂት ፊደል ነው። በችኮላ የተጻፈውን የሚያነብ አዛውንት አንዷን ፍሬ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ውጦ ቀኑን ሊዘጋ ይችላል። ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4 ተብሎ ሲጻፍለት ግን ወጥመዱ የለም።

እነሆ የቀን 8 ሰዓቷ ፍሬ ከበርጫ ጋር ተገናኘች።

ይህ ቀልድ አይደለም። እንደ ፈረንጆቹ በ1997 የመን ውስጥ በጤነኛ ሰዎች ላይ ተሠርቶ የታተመ ጥናት፣ ጫት በሚቃምበት ጊዜ የተዋጠ አምፒሲሊን ወደ ሰውነት የሚገባው መጠን በግልጽ እንደሚቀንስ አሳይቷል። መቃሙ ካበቃ ከሁለት ሰዓት በኋላ የተዋጠው ግን ይህ አልደረሰበትም። አሞክሳሲሊን ላይ ተፅዕኖው በጣም ያነሰ ነበር። አምፒሲሊን በራሱ በባዶ ሆድ፣ ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ወይም ሁለት ሰዓት በኋላ የሚወሰድ መድኃኒት ነው። በርጫ ላይ ተቀምጦ በለስላሳ ያወራረደው ሰው መድኃኒቱን በሰዓቱ ወስዷል፤ ሰውነቱ ግን ሙሉውን አላገኘም። አወዳይ በቅርብ ርቀት ባለባት ከተማ «ትቅማለህ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከመስኮቱ የሚጠፋበት ምክንያት የለም። ጥያቄው ለመውቀስ ሳይሆን ሰዓቱን ለማስተካከል ነው።

ወተትም እንዲሁ ነው። ለታመመ ሰው የግመል ወተት ማቅረብ በምሥራቁ አገር የደግነት ወግ ነው፤ ከአሞክሳሲሊን ጋርም ጠብ የለውም። ዶክሲሳይክሊንና ሲፕሮ የተባሉትን አንቲባዮቲኮች የሚወስድ ሰው ግን ከየትኛውም ወተት ጋር ሊውጣቸው አይገባም፤ በወተት ውስጥ ያለው ካልሲየም ከመድኃኒቱ ከፊሉን አንጀት ውስጥ ይዞ ሊያስቀር ይችላል። የደም ማነስ የብረት እንክብልና የጨጓራ ማስታገሻም ተመሳሳይ ጣጣ አላቸው። ዶክሲሳይክሊን ለነፍሰ ጡር ጨርሶ አይመከርም።

የልጆች ሽሮፕ የራሱ ችግር አለው። ጠርሙሱ ሲገዛ ውስጡ ዱቄት ነው፤ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ እስከ ምልክቱ ድረስ ተጨምሮ ይበጠበጣል። ውኃው ካነሰ መድኃኒቱ ይወፍራል፤ ከበዛ ይቀጥናል፤ ልጁ የሚያገኘው መጠን በሁለቱም ይዛባል። የሻይ ማንኪያም ከቤት ቤት ስለሚለያይ መለካት ያለበት አብሮት በመጣው መስፈሪያ ነው። ከተበጠበጠ በኋላ ለቀናት ብቻ የሚያገለግል ሲሆን ብዙዎቹ ሽሮፖች ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጋሉ። የድሬ ሙቀት 35 ዲግሪ በሚያልፍባቸው ወራት፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ መስኮት ላይ የተቀመጠ ሽሮፕ ሳምንቱን ሙሉ እንደተበጠበጠበት ቀን አይሆንም። ፍሪጅ ለሌለው ቤት በውኃ የሚሟሟው የልጆች አሞክሳሲሊን እንክብል የተሻለ ነው፤ እስኪሟሟ ድረስ ቅዝቃዜ አይጠይቅም። እናትየው ግን ይህን የምታውቀው ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ሰው ሲነግራት ነው።

ሌላው «ጨርስ» የሚለው ምክር ነው። ነገሩ በሕክምናው ዓለምም እየተፈተሸ ነው። በ2017 እንደ ፈረንጆቹ የእንግሊዝ ባለሙያዎች በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ መድኃኒትን ከሚያስፈልገው በላይ ማራዘም ራሱ ባክቴሪያን እንደሚያለማምድ ጽፈው ክርክር አስነስተዋል። የብዙ ሕመሞች የሕክምና ቀናትም አጥረዋል፤ ዛሬ በልጆች ላይ ለሚከሰት የሳንባ ምች በአሞክሳሲሊን የሚሰጠው ሕክምና 5 ቀን ገደማ ነው። የሳንባ ነቀርሳ በአንጻሩ ወራትን ይጠይቃል፤ ያቋረጠው ሰው መድኃኒት የተላመደ ነቀርሳ ይዞ ሊመለስ ይችላል። አዚትሮማይሲን ሰውነት ውስጥ ለቀናት ስለሚቆይ አንዳንዴ በ3 ቀን ያልቃል፤ በዚህ ተነስቶ «ጎረቤቴ በሦስት ቀን ጨርሷል» ብሎ አሞክሳሲሊንን በሦስተኛው ቀን መተው ግን የተለያየ ሰው ልብስ በአንድ ልክ መቁረጥ ነው። ቀኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ታማሚው ሲሻለው ለማቆም ከፈለገ ተመልሶ ይጠይቅ፤ መልሱ አንዳንድ ጊዜ «አዎ» ሊሆን ይችላል። አንድ ፍሬ የረሳ ሰው እንዳስታወሰ ይዋጥ፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን ሁለት አይደርብ። ሰውነቱ ከተንደበደበ፣ ፊቱ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ያቁም፤ በፍጥነትም ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

የተረፈ ፍሬ ለጎረቤት አይበቃም። ካፕሱል ተከፍቶ ዱቄቱ ቁስል ላይ አይነሰነስም፤ ቁስሉ አይታከምበትም፣ ቆዳ ላይ ያለው ባክቴሪያ ግን ይለማመድበታል። በቀለም መግዛትም እንዲሁ አደገኛ ነው። «ቀይና ቢጫዋን ስጠኝ» የሚል ሰው የሚያውቀው የካፕሱሉን ልብስ እንጂ ስሙን አይደለም፤ ልብሱን ደግሞ እያንዳንዱ ፋብሪካ እንደ ፍላጎቱ ይሰፋዋል።

ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 እንደ ፈረንጆቹ የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር ፍርሃቱን በምሳሌ አስረድቶ ነበር። ምሳሌው ጉሮሮውን ያመመውና ራሱ ገዝቶ ከሚበቃው ያነሰ ፔኒሲሊን የወሰደ ሰው ነው፤ የለመደው ባክቴሪያ ወደ ሚስቱ ተላልፎ እሷን መድኃኒቱ ሳያድናት ይቀራል። ከ80 ዓመት በፊት የተነገረው ምሳሌ ከመጋላው መስኮት ጋር ምን ያህል ይቀራረባል! በ2019 እንደ ፈረንጆቹ በዓለም ላይ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ የሞተው ሰው 1.27 ሚሊዮን እንደሚደርስ ተገምቷል፤ ከሁሉም ክፉኛ የተጎዳውም ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ለድሬዳዋ ከባድ ያልሆኑ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ተቆጣጣሪው አካል ከፈቃድና ከመጠቀሚያ ጊዜ ጋር የተቆረጠውንም ስትሪፕ ይይ፤ አንቲባዮቲክ በማዘዣው ልክ ካልሆነ በፍሬ መሸጡ ይቁም። ሁለተኛ፣ ትኩሳት ይዞት ወደ መስኮቱ የመጣ ሰው ቀኑ ሳይባክንበት የሚመረመርበት የማታና የቅዳሜ አገልግሎት በየጤና ጣቢያው ይጠናከር፤ የቀን ሠራተኛውን ሰበብ የሚያሳጣው እሱ ነው። ሦስተኛ፣ ፖስታው ይሻሻል። «1×3» ቀርቶ የመድኃኒቱ ስም፣ ሦስቱ ሰዓቶችና የመጨረሻው ቀን ይጻፍበት፤ ከተማዋ በምትናገራቸው በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ።

የ8 ሰዓቱ ወጣት በእንዲህ ዓይነቱ መስኮት ቢያልፍ ኖሮ ንግግሩ ሁለት ደቂቃ ይረዝም ነበር። ትኩሳት አለህ? ያስልሃል? ፔኒሲሊን አስቆጥቶህ ያውቃል? ሳል፣ ንፍጥና የድምፅ መጎርነን ብቻ ከሆነ ፓራሲታሞሉን ይዞ፣ በሞቀ የጨው ውኃ እንዲጉመጠመጥ ተነግሮት፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም በሦስት ቀን ካልተሻለው ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ተመክሮ ወደ በርጫው ይሄዳል። ስትሪፑም ሳይቆረጥ መደርደሪያው ላይ ይቀመጣል።