ዊንዶውስ እንለውጥ ወይስ እንተው?

ከመካከላችን ብዙዎቹ የኮምፒዩተርን ኦፐሬቲንግ ሲስተም መለወጥ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው ይላሉ። አባባላቸው በከፊል እውነት አለው። አባያን ቍልቍል በምታየው ከተማችን ለውጡ ሳያልቅ መብራት ቢጠፋ፣ የላፕቶፑም ባትሪ የደከመ ቢሆን፣ ማሽኑ አልነሣም ሊል ይችላል። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈ ጽሑፍም ፊደሉ እንደገና ካልተጫነ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፍ በሚገባበት ሳምንት ይህን መሞከር ድፍረት እንጂ ብልኅነት አይደለም።

ነገር ግን «ሳይቸግር» የሚለው ቃል አሁን አይሠራም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ጥገና ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ጥገና የሌለው ማሽን ምን እንደሚደርስበት በግንቦት 2009 ዓ.ም. ታይቷል። ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በ150 ያህል አገሮች ፋይል እየቈለፈ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ መከላከያው ከወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር፤ የተጠቁትም በብዛት መከላከያውን ያልጫኑ ናቸው።

እንግዲህ ሁለቱን አደጋዎች እንመዝን። ለለውጡ አደጋ ቀኑን እኛ እንመርጥለታለን፤ የመተውን አደጋ ግን ቀኑን የሚቈርጠው ሌባው ነው። ስለዚህ በዕረፍት ጊዜ፣ ጽሑፋችንን በፍላሽና በሌላ ዲስክ ገልብጠን፣ ባትሪ ሞልተን እንለውጥ። ቲፒኤም 2.0 የሌለው አሮጌ ማሽን የዊንዶውስ 11ን መመዘኛ አያሟላም፤ ለእርሱ በነፃ የሚገኘው ሊነክስ አለ። ሙያው ያላቸው ተማሪዎች በዚያው የዕረፍት ሳምንት ሌሎቹን እንዲረዱ ማኅበራችን ቢያስተባብር፣ ወጪው ጥቂት፣ የሚድነውም የብዙ ወራት ድካም ነው።