ስለ መስቀል ወፍና ከሩቅ አገር ስለሚመጡት እንግዶች

በዚህ ዐምድ ስለ ቤት አያያዝ፥ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ጤና ስንጽፍ መቆየታችንን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ዛሬ የምንጽፈው ግን ስለ ወፍ ነው። ትልቅ ሰው፥ ይልቁንም የጽሕፈት ሥራ ያለበት ሰው፥ ወፍ ሲያይ ይውላልን ብሎ የሚስቅብን አይጠፋም፤ እኛም ከጥቂት ዓመት በፊት በሌላው ላይ እንደዚሁ እንስቅ ነበር። ወደዚህ ነገር ያገባን ዕውቀት ፍለጋ አይደለም፤ አንድ ወንጭፍ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታችን በደብረ ታቦር ነው። የዐሥር ዓመት ልጃችን የቡሄን በዓል ከዘመዶቹ ጋራ ለማክበር ወደ ባላገር ሄዶ ጅራፍ ማጮኽንም ወንጭፍ መወንጨፍንም ተምሮ ተመለሰ። በባላገር ቤት ወንጭፍ መጫወቻ አይደለም፤ እህል ባፈራ ጊዜ ልጅ ማማ ላይ ወጥቶ ማሳውን ከወፍ የሚጠብቅበት የሥራ መሣሪያ ነው። በከተማ ግን የሚጠበቅ ማሳ ስለሌለ ልጁ በአጥር ላይ ያረፈውን ሁሉ ይወነጭፍ ጀመር። እናቱ ብትቈጣው እኛ «ልጅ ነው፥ ይተወዋል» ብለን አለፍነው። በዚህ የእኛ ጥፋት አለበት።

በነሐሴ መጨረሻ አንድ ቀን ከሥራ ስንመለስ ልጁን በደጃፍ ቆሞ አገኘነው። በእጁ አንድ ወፍ ይዟል፤ ገላው ገና አልቀዘቀዘም። ልንቈጣ አፋችንን ከከፈትን በኋላ የወፉ መልክ አስደነቀንና ዝም አልን። ጀርባው እንደ ማናቸውም የአጥር ወፍ አፈርማ ነው፤ በደረቱ ላይ ግን ጥቁር ላባ እንደ ቀለም ጠብታ በየቦታው ወጥቶበታል፤ ከጅራቱም በላይ በወገቡ አንድ ጣት የሚያህል ደማቅ ቢጫ ይታያል። ልጁም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባባ፥ ይህ የመስቀል ወፍ ሊሆን ነበርን?» ሲል ጠየቀን።

መልስ አልነበረንም። እኛ ልጆች በነበርንበት ጊዜ የሰማነው፥ የመስቀል ወፍ ከአደይ አበባ ጋራ መጥቶ ከአደይ አበባ ጋራ የሚሄድ መሆኑን ብቻ ነው። ወዴት እንደሚሄድ ብንጠይቅ አንዱ ወደ ቆላ ይወርዳል፥ ሌላው በገደል ውስጥ ይከተታል ይለን ነበር። ያየ ሰው ግን አልነበረም። ሲያስቡት የሚያስገርም ነው፤ በየዓመቱ በደጃችን የሚያልፍን ነገር ስማ በለው ብቻ ይዘን አርባ ዓመት ኖርን። ከመዝገብ ጋራ የሚውል ሰው ደግሞ ምስክር ሳይሰማ መዝገብ አይዘጋምና፥ ለልጁ በወንጭፉ ፋንታ አንድ ደብተርና እርሳስ ሰጥተን በእሑድ በእሑድ ከቅዳሴ በኋላ አብረን እንወጣ ጀመር።

የመረጥነው ስፍራ በጋፋት በኩል ያለውን መስክ ነው። ጋፋት አፄ ቴዎድሮስ በፈረንጅ ቁጥር በ1867 ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት ቦታ መሆኑን አንባቢ ያውቃል፤ እኛ የሄድነው ግን ስለ ሣሩና ስለ ቍጥቋጦው ነበር። በመጀመሪያው እሑድ ግማሽ ጥቁር ግማሽ አፈርማ የሆኑ ሦስት ወፎች አየን። መስከረም ከገባ በኋላ በዚያው ቍጥቋጦ፥ በዚያው ቅርንጫፍ ላይ፥ ሦስቱም ፍጹም ጥቁር ሆነው ትከሻቸውና ወገባቸው እንደ አደይ አበባ ቢጫ ሆኖ አገኘናቸው። ከሣሩ በላይ ላባቸውን ነፍተው እየነጠሩ ይበርሩ ነበር፤ አፈርማ የሆኑት እንስቶች ግን ከታች ሆነው ዘር ይለቅማሉ፤ ወደ ላይም ቀና የሚሉ አይመስሉም። ኅዳር ሲጋመስ ወንዶቹ ጥቁሩን ጥለው እንደ እንስቶቹ አፈርማ መሆን ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ወንዱን ከእንስቷ የሚለየው በትከሻውና በወገቡ የሚቀረው ቢጫ ነው።

እንግዲህ የመስቀል ወፍ የሚሄድበት አገር የለም። ለሰርግ ካባ ለብሶ፥ ሰርጉ ሲያልፍ ካባውን አውልቆ በአዘቦት ልብሱ በመካከላችን የሚኖር ሰው ማለት ነው። ሕዝቡ በዚህ ስም የሚጠራው አንድ ዐይነት ወፍ ብቻም አይደለም። በደጋው ጥቁርና ቢጫው አለ፤ ዐንገቱ ላይ ቀይ ማተብ የመሰለ ምልክት ያለበት ጅራተ ረጅሙም አለ፤ ወደ ፎገራ ሲወርዱ ደግሞ እንደ ፍም የቀላው ይገኛል። ሁሉም ወንዶቹ በክረምት ዝናብ ላባ እየለወጡ ለመራቢያቸው የሚያጌጡ ናቸው። ጥቁርና ነጭ ለብሶ ከገላው የሚበልጥ ቀጭን ጅራት የሚያወጣው ትንሹ ወፍም ከእነዚሁ ጋራ ይቈጠራል፤ የእርሱ እንስት ግን ቤት አትሠራም፤ እንቍላልዋን በሌላ ወፍ ጎጆ ጥላ ልጆችዋን በሰው እጅ እንደሚባለው ታሳድጋለች።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። እነዚህ ወፎች ካባቸውን ባወለቁ ጊዜ በቆላና በስምጥ ሸለቆ እህል የሚያጠፋውን ግሪሳን ይመስላሉ። ግሪሳ በመቶ ሺሕና በሚሊዮን ሆኖ የሚወርድ እውነተኛ ጠላት ስለ ሆነ በአውሮፕላን መድኃኒት እስከ መርጨት ይደረስበታል። የአጥራችን ወፍ ግን ግሪሳ አይደለም፤ በመልክ መመሳሰል ብቻ ማንንም መቅጣት በፍርድ ዘንድ ነውር መሆኑን ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት አያስፈልግም።

የመስቀል ወፍ እንግዳ አለመሆኑን ከተረዳን በኋላ፥ በዚያው በመስከረምና በጥቅምት እውነተኞቹ እንግዶች በፊታችን ሲያልፉ ማየት ጀመርን። ከከብት እግር ሥር ዝንብ እየለቀመች ጅራትዋን ሳታቋርጥ የምታወዛውዝ ደረተ ቢጫ ወፍ አለች፤ ክረምቱን ሙሉ አልነበረችም፤ አንድ ቀን ጧት በመስኩ ላይ ሃያ ሆና ተገኘች። ይህች ከኤውሮፓና ከእስያ የምትመጣ ናት። በድንጋይ ላይ ቆማ ራስዋን የምትነቀንቅ፥ ስትበርር ወገብዋ ነጭ የሆነ ሌላ ትንሽ ወፍም አለች፤ ክብደትዋ 25 ግራም ያህላል። ሊቃውንት በፈረንጅ ቁጥር በ2012 ባሳተሙት ጥናት፥ ከእነዚህ ወፎች አንዳንዶቹ ከአላስካ ተነሥተው እስያን አቋርጠው እስከ ምሥራቅ አፍሪቃ 14,500 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚበርሩ በጀርባቸው ላይ ባሰሩት መሣሪያ አረጋገጡ። ልጃችን ይህን ስንነግረው ወዲያው «ስንቅዋን በምን ትይዛለች?» አለ። ስብዋን ነው፤ ከጕዞው በፊት ትሰባለች።

በጥቅምት መጨረሻ ወደ ጉና በኩል ብንወጣ ትላልቆቹን እናያለን። የጉና ራስ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ፀሐይ ሞቅ ሲል ነፋሱ ከገደሉ ወደ ላይ ስለሚነሣ ንስሮች ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ በላዩ ይንሳፈፋሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከሩሲያና ከካዛክስታን ሜዳ የመጡ ናቸው፤ በሰፊ ባሕር ላይ መብረር ስለማይወዱ በባብ ኤል መንደብ ጠባብ መተላለፊያ ይሻገራሉ። በዚያ በጅቡቲ ዳርቻ በፈረንጅ 1987 መከር የተቀመጡ ቈጣሪዎች ከ200,000 የሚበልጡ ንስርና ጭልፊት መሰል አሞሮችን ቈጥረዋል። ከዚህ ሁሉ የሚበዛው ወደ እኛ አገር መግቢያውን የሚይዝ ነው።

የወፍን መንገድ ባለማወቅ የምናፍረው ግን እኛ ብቻ አይደለንም። ኤውሮፓውያንም ለረጅም ዘመን ጨረባ ክረምቱን በኩሬ ጭቃ ውስጥ ተቀብራ ታሳልፋለች ይሉ ነበር። በፈረንጅ ቁጥር በ1822 በጀርመን አገር ክሉትስ በተባለ መንደር አንድ ሽመላ ተገደለ፤ በአንገቱም ውስጥ የአፍሪቃ ጦር ተሰክቶ ተገኘ። ከጦሩ ጋራ ያን ሁሉ አገር በርሮ ነበር የተመለሰው። ሬሳው ደርቆ በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ተቀመጠ፤ ሽመላ ክረምቱን በአፍሪቃ ለማሳለፉም ከማናቸውም መጽሐፍ ይልቅ የተረጋገጠ ምስክር ሆነ። ሞርተንሰን የተባለ የዴንማርክ መምህር ቍጥር የተጻፈበትን ቀለበት በወፍ እግር ማሰር የጀመረው ከዚያ ብዙ ቈይቶ በ1899 ነው። ነቢዩ ኤርምያስ ግን ሽመላና ዋኖስ ጨረባም የመምጫቸውን ጊዜ እንደሚያውቁ አስቀድሞ ተናግሮ ነበር፤ እርሱ በዐይኑ ይመለከት የነበረ ሰው መሆኑ ያስታውቃል።

ከአገራችን ተወላጆች፥ መንቈረ ወፍራሙን ቁራና በጧት የሚንጫጫውን ጋጋኖ ጀርመናዊው ሩፔል በ1830ዎቹ ወደ ጎንደርና ወደ ስሜን መጥቶ ከሄደ በኋላ ለዓለም ሊቃውንት በጽሑፍ አስታወቀ። ስለ እነርሱ ሌላ ጊዜ እንጽፍ ይሆናል።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በኅዳር ወር ልጁን ይዘን ወደ ፎገራ ወረድን። መንገዱ በዓለም ሳጋ ደን አጠገብ ያልፋል፤ ከዚያ ጥቂት ዐርፈን ክንፉን ሲዘረጋ እንደ ሐር ቀይ የሚታየውን ወፍ ከወይራው ላይ አይተናል። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ፥ የፎገራ ሜዳ ግን 1,800 ሜትር ገደማ ነውና ጋቢያችንን አውልቀን ደረስን። የጉማራና የርብ ወንዞች ከጉና ወርደው ይህን ሜዳ በክረምት ያጥለቀልቁታል፤ ውሃው ሲሸሽ ባላገሩ በተረፈው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል። በዚህ ጊዜ ነው እግረ ረጃጅሞቹ፥ አመድማ ላባ ያላቸው፥ ፈረንጆች ክሬን የሚሏቸው ወፎች በሰማይ ሰልፍ ሠርተው እንደ መለከት እየጮኹ የሚወርዱት። ከሩሲያና ከኢስቶኒያ መሣሪያ ታስሮላቸው የተለቀቁ እስከዚህ ድረስ መጥተዋል፤ በጣና ዙሪያ የሚከርሙት በዐሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ናቸው። ዘውድ የደፋችው ጥቁሯ ግን የአገሩ ተወላጅ ናት።

ልጃችን እየቈጠረ 140 ሲደርስ አንድ ሽማግሌ ገበሬ በትር ይዘው እየጮኹ መጡና ወፎቹን አስነሡበት። እኛም ሰላምታ ሰጥተን «አባቴ፥ እነዚህ እኮ ከሩሲያ ድረስ የመጡ እንግዶች ናቸው» አልናቸው። ሽማግሌውም ትኵር ብለው አይተውን፥ «እንግዳ ከሆኑ ይሁኑ፤ አንቱ ግን ሲመጡ ስንቅ ይዘው አይመጡም? የበቀለ ሽምብራዬን ነቅለው በሉት» አሉን።

ሳቅን፤ ነገር ግን ሳቁ ቶሎ ጠፋን። ሽማግሌው ተቀምጠው ከነገሩን እንዳስተዋልነው፥ እርሳቸው ጎልማሳ ሳሉ ወፎቹ የሚውሉትም የሚያድሩትም ከውሃው ዳር ነበር። ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ሩዝ ገብቶ ሜዳው ሁሉ ታረሰ፤ ሩዙም ለብዙ ቤት እንጀራ ሆነ፤ እርሳቸውም ራሳቸው ይዘራሉ። ሸሸርና ወላላ የተባሉት ረግረጎች ጠበቡ። በፈረንጅ 2011 ደግሞ እምቦጭ የተባለው አረም በጣና ላይ ታየና ዳር ዳሩን ያዘው። ጣና በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ መመዝገቡን ብንነግራቸው «መልካም ነው፤ ለወፎቹም ይንገሩልን» ብለው መለሱልን።

እኛ በዚህ ጕዳይ ፍርድ ለመስጠት ሥልጣን የለንም። ወፎቹ የሚያድሩበትን ጥልቀት የሌለውን ውሃ ሲያጡ ወደ ማሳ ይገባሉ፤ ሽማግሌው ማሳቸውን ቢጠብቁ አይፈረድባቸውም፤ ወፎቹም ያረፉበትን አገር ባለቤት አያውቁም። በእስራኤል አገር በሑላ ሸለቆ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለእነዚሁ ወፎች ከገበሬው ማሳ ራቅ ባለ ስፍራ እህል እየተበተነላቸው ከአዝመራው እንዲርቁ ተደርጓል። ያ ገንዘብ ይጠይቃል። በእኛ በኩል የተረፉትን ረግረጎች አለማረስና አለማድረቅ ከዚያ የረከሰ ይመስለናል፤ ይህንም የሚያነብ ባለ ሥልጣን ቢኖር ጕዳዩን አንድ ቀን በጫማው ወርዶ፥ በጧት፥ ከሽማግሌው ጋራ ቆሞ ቢያየው ደስ ይለናል። መነጽር አያስፈልግም፤ ነጭ ልብስ አለመልበስና ዝም ማለት ይበቃል።

ማታ ቤት ገብተን ልጁ ከተኛ በኋላ ቍጥሩን ለማየት ደብተሩን ከፈትን። 140 ብሎ ጽፎ «ከዚህ በኋላ ተነሡ» ብሏል። ወደ ኋላ ገልጠን የመጀመሪያውን ገጽ ብናይ፥ እኛ ደብተሩን ከመስጠታችን በፊት የሆነውን ቀን ከሁሉ አስቀድሞ አስገብቶት አገኘን። «ነሐሴ 24፤ ከአጥራችን ላይ፤ አንድ የመስቀል ወፍ፤ ካባውን ሳይጨርስ፤ በእኔ ወንጭፍ» ይላል። ሆሄው ላይ ሁለት ስሕተት ነበረበት፤ ሳናርመው ዘጋነው።