የሥራው ስምና ሥራው

ልጆች ሳለን ዘመድ ቤት በገባን ቁጥር «ስታድግ ምን ትሆናለህ?» የሚለው ጥያቄ ከቡናው ጋር ይቀርብልን ነበር። እኛም «ሐኪም» ብለን ምርቃታችንን እንቀበልና ወደ ጨዋታችን እንሮጣለን። የጐረቤታችን ልጅ መልስ «ፓይለት» ነበር፤ አውሮፕላን ግን ከሩቅ፣ ከሰማይ በቀር አይቶ አያውቅም። ሐኪም ቀኑን በምን ሥራ እንደሚያሳልፍ የጠየቀን አልነበረም፤ ቢጠይቁንም አናውቅም።

የወጣት ምኞት ከሚያየውና ከሚሰማው መፈጠሩ ያለ ነው። ምሩጽ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሎምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሲያሸንፍ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በራዲዮ የሰማው የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ነው። ይሁን እንጂ ያን ቀን ራዲዮ የሰማ ልጅ ሁሉ ሯጭ አልሆነም። አሰላ አጠገብ ያደገው ይህ ልጅ ትምህርት ቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቀው ስለ ነበር፣ ደብተሩን በክንዱ ይዞ ሲሄድም ሲመለስም ይሮጥ ነበር። በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ ወርቁን ሲያገኝ ግራ ክንዱ ዛሬም ደብተር የያዘ ይመስል ነበር። አባቱ ሩጫውን አልወደዱለትም፤ ልጁ ግን ሩጫ ምን እንደ ሆነ በእግሩ ያውቀው ነበር።

አብዛኛው ተማሪ የሚይዘው የሥራውን ስም ብቻ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 896 ሺህ ያህል ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ምኞቱ በሙሉ «ሐኪም» በምትል አንዲት ቃል ያለቀበት ልጅ ያን ጊዜ ባዶ እጁን ቀረ። በሽተኛ ማስታመም እንደሚወድ ያወቀ ልጅ ግን ሌላ መንገድ ጠይቆ፣ ቢዘገይም ወደዚያው ሊደርስ ይችላል። ይህን ስንል ፈተናው ይቅለል ማለታችን አይደለም፤ የእርሱ ነገር ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ከጥፋቱ የእኛም የወጣት ሠራተኞች ድርሻ አለበት። የምረቃ ፎቶግራፋችንን ለታናናሾቻችን እናሳያለን እንጂ ሥራችንን አናሳይም። በቅርቡ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ከአጎቷ ጋር ወደ መሥሪያ ቤታችን መጥታ መሐንዲስ መሆን እንደምትፈልግ ነገረችን። «በርቺ!» ብለን ልናሰናብታት ስንል፣ «መሐንዲስ ጧት ሲገባ መጀመሪያ ምን ይሠራል?» አለችን። ከመካከላችን መሐንዲስ የሆነው ጓደኛችን ጥቂት ዝም አለ። ከዚያም ወንበር ስቦላት የሕንፃውን ፕላን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። አጎትየው እስከ ምሳ ሰዓት ኮሪደር ላይ ጠበቋት።