ልጓም ያለው ልዩ ፈቃድ

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ አበው። እ.ኤ.አ. በ2020 ግን ፈረሱ የሚያደርስበት ሥፍራ ጠፋ። ማርች 23 ቀን ማታ የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን ሕዝባቸው ከቤቱ እንዳይወጣ አዘዙ፤ በማግስቱ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ወደ 2021 መተላለፉ ተነገረ። ለዓመታት ለአንድ የበጋ ሳምንት ሲዘጋጁ የኖሩ ፈረሰኞች ውድድርም፣ የልምምድ ቡድንም፣ አሠልጣኝም በአንድ ጊዜ አጡ።

ከዚህ በኋላ የተነሣው ጥያቄ ከስፖርት ገጽ ይልቅ የፖለቲካ ገጽ ጥያቄ ነበር። ሕሙማን ቤተሰቦቻቸውን ሳይሰናበቱ በሚያልፉበት፣ ሕፃናት ከመጫወቻ ሜዳ በተከለከሉበት ወቅት፣ መንግሥት ጥቂት ፈረሰኞች እንዲለማመዱ ልዩ ፈቃድና የሕዝብ ገንዘብ መስጠቱ አግባብ ነውን? ጥያቄው የሚያሳፍር አይደለም። ስፖርቱ ከግንብ አጥር በስተጀርባ የሚኖር መሆኑ የታወቀ ነው፤ ልዕልት አን በ1976 በሞንትሪያል፣ ልጃቸው ዛራ ቲንዳል ደግሞ በ2012 በለንደን ለብሪታንያ የተወዳደሩት በዚሁ በፈረስ ነው። «ደኻው ቤቱ ተዘግቶበት ባለጠጋው ይጋልባል» ብሎ ለመቆጣት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። እኔም በመጀመሪያ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር።

ሐሳቤን ያስለወጠኝ ፈረሱ ራሱ ነው። ብስክሌት ግድግዳ ላይ ሰቅለው ወረርሽኙ እስኪያልፍ ሊጠብቁ ይችላሉ፤ ፈረስን ግን አይችሉም። በየቀኑ ይበላል፣ በየቀኑ መንቀሳቀስ አለበት፣ ኮቴው በየጥቂት ሳምንቱ ይስተካከላል፣ ሐኪም ያየዋል። ቢቆም ወጪው አይቆምም፤ የሚቆመው የገነባው አቅም ብቻ ነው። በዚህ ላይ ፈረስ በብቃቱ ከፍታ ላይ የሚቆየው ለጥቂት ዓመታት ነውና፣ ለሰው አንድ ዓመት የሆነው መዘግየት ለእርሱ ከዚያ እጅግ የበለጠ ነው። ጋላቢውና ፈረሱ ለመግባባት ዓመታት ይፈጅባቸዋልና ሌላ ፈረስ በቀላሉ አይተካም።

ድጋፉም የወርቅ ከረጢት አልነበረም። በብሪታንያ የመንግሥትና የብሔራዊ ሎተሪ ገንዘብ ዩኬ ስፖርት በተባለው ተቋም በኩል ለብሔራዊው የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ይደርሳል፤ ፌዴሬሽኑም ለተመረጡ ፈረሰኞች አሠልጣኝ፣ የእንስሳት ሐኪም፣ የአካል ሕክምናና የሥነ ልቡና ባለሙያ ያቀርባል። ፈረሶቹ በአብዛኛው የግለሰቦች ንብረት ናቸው። ኦሊምፒኩ ሲራዘም ለአራት ዓመት የታሰበው ዝግጅት አምስት ዓመት ሆነ።

በ2021 መጀመሪያ ደግሞ ሁለተኛ ወረርሽኝ መጣ፤ ይህኛው የፈረሶቹ ነው። በስፔን ቫሌንሲያ በተካሄደ ውድድር ላይ የፈረስ ኸርፒስ ቫይረስ ተነሥቶ በርካታ ፈረሶችን ገደለ። ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን በአውሮፓ ዋና ምድር የሚካሄዱትን ውድድሮች እስከ ኤፕሪል 11 ድረስ አገደ። ሰው ከሰው፣ ፈረስ ከፈረስ ተራርቆ ለኦሊምፒክ መሰናዳት ግድ ሆነ። ወደ ጃፓን የሚሄዱት ፈረሶች ለ60 ቀናት ጤናቸው ክትትል ተደርጎበት፣ በጀርመን አኸን ከተማ ለሰባት ቀናት ተለይተው ከቆዩ በኋላ ነበር የሚሳፈሩት። የመጀመሪያዎቹ 36 ፈረሶች ከቤልጂየም ሊዬዥ ተነሥተው በዱባይ በኩል ጁላይ 14 ቀን ቶኪዮ ገቡ።

በነገራችን ላይ፣ በሽታና ድንበር ፈረሰኛን ሲፈትኑት ይህ የመጀመሪያው አይደለም። አገራችን ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችበት የ1956ቱ የሜልቦርን ኦሊምፒክ የፈረስ ውድድሮች የተካሄዱት በስዊድን ስቶክሆልም ነበር። የአውስትራሊያ የእንስሳት ኳራንቲን ሕግ ፈረሶቹን ስላላስገባ ለአንድ ስፖርት ሲባል ሕጉ አልተጣሰም፤ ውድድሩ ሌላ አህጉር ተዘዋወረ።

ወደ ዋናው ነጥቤ ልመለስ። የብሪታንያን ውሳኔ ተገቢ ያደረገው ፈረሶቹ ማማራቸው ወይም ጋላቢዎቹ መታወቃቸው አይደለም። ፈቃዱ ልጓም የነበረው በመሆኑ ነው። ምርጥ ስፖርተኞች ደረጃ በደረጃ ወደ ልምምድ የሚመለሱበት መመሪያ በሜይ 2020 ታትሞ ወጣ። በኖቬምበር 2020 እና በጃንዋሪ 2021 እንግሊዝ እንደገና ስትዘጋ፣ ማን «ምርጥ ስፖርተኛ» እንደሚባል በሕጉ ውስጥ ተጽፎ ነበር፦ በስፖርቱ የሚተዳደር፣ በስፖርቱ አካል ለብሔራዊ ቡድን የታጨ፣ ወይም ዕድሜው 16 ዓመትና ከዚያ በላይ ሆኖ በታወቀ የዕድገት መርሐ ግብር ውስጥ ያለ። ማንም ዜጋ አንብቦ «እኔ ለምን?» ወይም «እርሱ ለምን?» ብሎ መጠየቅ ይችል ነበር። ፈቃዱ የሥራ እንጂ የድግስ አልነበረም፤ ታላላቆቹ የባድሚንተንና የበርግሊ ውድድሮች በሁለቱም ዓመታት ተሰርዘዋል።

ከዚህ ጎን ለጎን ያልተጻፈውን ፈቃድ ተመልከቱ። ደንቡን ያወጡት ጠቅላይ ሚኒስትር በጁን 2020 በጽሕፈት ቤታቸው በተደረገ የልደት ስብስብ ምክንያት በኤፕሪል 2022 በፖሊስ ተቀጡ። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» እንዲሉ፣ የሕዝቡን አመኔታ የበሳው በአደባባይ የተሰጠው የፈረሰኞቹ ፈቃድ ሳይሆን በጓዳ ለራስ የተሰጠው ነው። ሕዝብ የሚቆጣው ልዩነት ስለተደረገ ብቻ አይደለም፤ ልዩነቱ ስለተደበቀበት ነው።

በቶኪዮ የብሪታንያ ቡድን ከ1972 ወዲህ የመጀመሪያውን የሦስት ዘርፍ የፈረስ ውድድር የቡድን ወርቅ አገኘ፤ ቤን ማኸር በመሰናክል ዝላይ ወርቅ ወሰደ፤ በጠቅላላው በፈረስ አምስት ሜዳሊያ ተገኘ። ነገር ግን ክርክሬን በሜዳሊያ ላይ አላቆምም። ባዶ እጃቸውን ተመልሰው ቢሆን ኖሮ ትክክል የነበረው ፈቃድ ስሕተት አይሆንም ነበር፤ ሕገወጥ ፈቃድንም ወርቅ አያነጻውም።

የምወቅሰው አንድ ነገር አለ። ጫፉ ሲደገፍ ሥሩ ተረስቷል። ተራው ልጅ በኪራይ ፈረስ የሚማርባቸው የግልቢያ ትምህርት ቤቶች በየክልከላው በራቸውን ሲዘጉ ገቢያቸው ቆመ፤ የፈረሶቻቸው መኖ ግን አልቆመም። ስፖርቱ ከግንብ አጥር የሚወጣበት ብቸኛ በር እርሱ ነው። ማለዳ ተነሥተው ጋጣ የሚጠርጉት የፈረስ ተንከባካቢዎችም ከሜዳሊያው ሰገነት በታች ቀርተዋል። የሕዝብ ገንዘብ ለጫፉ ሲሰጥ ለሥሩም ግዴታ ሊያስከትል ይገባል።

ገንዘቡ ግዴታ ማስከተል እንደሚችል ኋላ ታይቷል። በ2024 ከፓሪስ ኦሊምፒክ በፊት ዝነኛዋ ሻርሎት ዱጃርዲን ፈረስ ስትገርፍ የሚያሳይ ምስል ሲወጣ ከውድድሩ ራሷን አገለለች፤ ዩኬ ስፖርትም የሕዝብ ገንዘብ የማግኘት መብቷን አገደ። የሰጠ እጅ የመጠየቅ መብት አለው።

እንግዲህ ቀጣዩ ወረርሽኝ ሲመጣ፣ መምጣቱም አይቀርም፣ ስለ ልዩ ፈቃድ ሁሉ ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ተጽፏልን? ወሰን አለውን? ተጠያቂውስ ማን ነው? ፈረስ ያለ ልጓም የትም አያደርስም፤ ሥልጣንም እንዲሁ።