ፍቅር ኪራይ የማይከፍልበት ልብ ወለድ

«የዛሬ ወጣት አያነብም» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ ሰማችኋት? እኔ መቁጠር ትቻለሁ። የሚሏት ሰዎች የወጣቱን ስልክ ከፍተው ያዩ አይመስለኝም። ቢያዩ ኖሮ በየማታው «ክፍል 37 ነገ ይቀጥላል» እየተባለ የሚለቀቅ የፍቅር ታሪክ፣ በፒዲኤፍ የታጨቀ ፎልደር፣ ከዋሽንት ጋር የሚነበብ ግጥም ያገኙ ነበር። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ እንኳ ደብረ ብርሃን ላይ ንባቡ አልቆመም። ፒዲኤፉ በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ሲያልፍ አይቻለሁ።

እናነባለን እኮ። እኔን የሚያሳስበኝ የምናነበው ነገር ነው።

ቀመሩን ታውቁታላችሁ። እሷ ቆንጆና ድሃ፣ እሱ ሀብታምና ቁጡ። ቦሌ አንድ ካፌ ውስጥ ይጋጫሉ፣ ማኪያቶው ሸሚዙ ላይ ይደፋል። ትንሽ ቆይቶ ስልኳን ይበረብራል። ትንሽ ቆይቶ «ከማንም ጋር እንዳላይሽ» ይላታል። ደራሲው ደግሞ ይህን «አቤት ሲወዳት!» ብሎ ይተረጉምልናል። በመካከሉ የቤት ኪራይ የሚከፍል የለም። ደመወዝ ዘገየብኝ የሚል የለም። ታክሲ የሚሰለፍ የለም። እኔ ኢኮኖሚክስ የተማርኩ ሰው ነኝና ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው፦ እነዚህ ሰዎች በምንድን ነው የሚኖሩት?

«ወንድሜ፣ ችግሩማ ቤታችን ሞልቷል፤ የምናነበው ልንረሳው ነው» የምትለኝ አንባቢ አትጠፋም። እውነቷን ነው። መዝናናት ነውር አይደለም። ይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ»ን በ2001 ሲያወጣ መጽሐፍ ነክቶ የማያውቅ ሁሉ ሌሊቱን አነጋበት፤ ለብዙዎቻችን የንባብ በር የከፈተው እሱ ነው። ግን መርሳት አንድ ነገር ነው፣ ስለ ፍቅር የተሳሳተ ነገር መማር ሌላ ነገር ነው። አሥራ ስድስት ዓመት የሆናት ልጅ መቶ ክፍል ሙሉ ቁጥጥርን ፍቅር እያለች ካነበበች፣ ነገ እውነተኛ ሰው ስልኳን ሲቀማት ምን ብላ ትጠራዋለች?

ደግሞ ባህላችን እንዲህ አልነበረም። የአማርኛ የመጀመሪያ ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ» በ1900 ሮም ታተመ። ምን ይመስላችኋል? የወጣቶች ታሪክ ነው! ጦቢያ እንደ ወንድ ለብሳ የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ ትሄዳለች፣ በሃይማኖት የሚለያዩ ሰዎች መካከል ፍቅር ይመጣል። ወንድሟ ከቤት የወጣው ደግሞ በገንዘብ ምክንያት ነው፤ ለረዳቸው ነጋዴ ውለታውን ሊመልስ። ሐዲስ አለማየሁም በ1958 «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያወጡ የሰብለወንጌልንና የበዛብህን ፍቅር ብቻ አልጻፉም። ፊታውራሪ መሸሻ ከገበሬው የሚጠይቁት ግብር፣ የገበሬው ማመፅ፣ የደሃ ልጅና የባላባት ልጅ ርቀት ሁሉ እዚያው ውስጥ አለ። ኪሱ ቢወጣ ፍቅሩ ራሱ ይፈርሳል።

ለእኛ ለሰሜን ሸዋ ልጆች ደግሞ የበለጠ የሚቀርብ አለ። የመርሐቤቴው ተወላጅ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ባሳተሙት «አዲስ ዓለም» ዋናው ገጸ ባሕርይ አወቀ የሚባል የተጉለት ልጅ ነው። ፈረንሳይ ሀገር ተምሮ ይመለሳል፣ ከዚያ ስለ ተዝካርና ስለ ሠርግ ወግ ከዘመድ ጋር ይፋጠጣል። ተምሮ አገሩ የተመለሰ፣ ቤተሰቡ የማይረዳው ወጣት! ይህ ዛሬ የብዙዎቻችን ታሪክ አይደለም? ከዘጠና ዓመት በፊት ከደብረ ብርሃን አፍንጫ ሥር የወጣ ጀግና ነበረን፤ ዛሬ በስልኬ ከማነባቸው የፍቅር ታሪኮች ውስጥ ደብረ ብርሃን የምትመጣው ወደ ደሴ የሚሄድ መኪና ለምሳ ሲቆም ብቻ ነው።

የውጪውንም እናንብብ፣ ችግር የለውም። የኮሊን ሁቨር «ኢት ኤንድስ ዊዝ አስ» በእንግሊዝኛ ፒዲኤፍ ብዙ ስልክ ውስጥ አለ። ብዙ ሰው ተችቶታል፤ እኔም ቋንቋው አይገርመኝም። ግን አንድ ነገር በትክክል ያየ ይመስለኛል። ሊሊ የሚመታትን ባሏን ትታ ትወጣለች፤ መውጣት የቻለችውም ቦስተን ውስጥ የራሷ የአበባ ሱቅ ስላላት ጭምር ነው። በቃ፣ ኢኮኖሚክስ ማለት ይኸው ነው፦ የመውጫ በር ዋጋ አለው። አሁን ሊሊን አምጥታችሁ ደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት ላይ ቀጥሯት። አንድ ክፍል ለሦስት ተከራይታ የምትኖር ልጅ አድርጓት። እሱ ቢመታት በየትኛው ብር ትወጣለች? ይህን የሚጽፍ ሰው ቢመጣ እኔ መጀመሪያ ተሰልፌ እገዛለሁ።

ጥሬ ዕቃው እኮ ሞልቷል። ከወለጋ ተፈናቅላ መጠለያ ካምፕ ውስጥ ያደገች ልጅና የከተማው ልጅ ቢዋደዱ ሽማግሌ ማን ቤት ይላካል? ቀጠሮ ተይዞ የአዲስ አበባ መንገድ ቢዘጋ 130 ኪሎ ሜትር ስንት ዓመት ይሆናል? አንኮበርን ደግሞ አስቡት። ላይ የነገሥታቱ ከተማ፣ ጉሙ፣ ጭላዳው፤ ታች አልዩ አምባ፣ አርጎባውና አማራው፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ከጥንት ጀምሮ የሚገበያዩበት ቦታ። ጦቢያ ዛሬ ብትወለድ አልዩ አምባ ገበያ ላይ የምናገኛት ይመስለኛል።

ግጥሙስ? ዝናብ፣ ቡና፣ መስኮት፣ አንቺ። የገጣሚውን ስም ብትቀያይሩት ማንም አያውቅባችሁም። በዕውቀቱ ስዩምን የምንወደው የሰፈሩን ሰው፣ የራሱንም ኪስ ባዶነት እያሳቀ ስለሚያሳየን ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የኅዳር ውርጭ ባቄላውን ያቃጥላል፣ ሰው በጋቢና በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ያመሻል። እንዲህ ባለ ቦታ «ብርድ ልብሱን ለአንቺ» ማለት ከመቶ ጨረቃ ይበልጣል።

ለምን አይጻፍም ካላችሁ፣ መልሱ ግማሹ ከእኛ ነው። ደራሲ የሚጽፈው ለሚከፍለው ገበያ ነው። እኛ ደግሞ የማንከፍል ገበያ ነን። ፒዲኤፉን ስንቀባበል ለደራሲው የምንልከው ልብ ያለበት ኢሞጂ ብቻ ነው። እሱም ብዙ ቪው የሚያመጣውን ቦሌንና ማኪያቶውን ይደግምልናል፤ አልፈርድበትም። ብር የለንም የሚለውን እቀበላለሁ፣ የታተመ መጽሐፍ ዋጋ ለተማሪ ይከብዳል። ግን አዲስ አበባ ራስ ሆቴል ይካሄድ የነበረው ግጥም በጃዝ ሰው ለግጥም እንኳ ትኬት እንደሚቆርጥ አሳይቷል። ዛሬ «ተራኪ»ን የመሰሉ የድምፅ መጽሐፍ መተግበሪያዎች አሉ፣ ቴሌብርም ኪሳችን ውስጥ ነው። በቴሌግራም በክፍል በክፍል ለሚጽፍ ልጅ በወር የአንድ ማኪያቶ ዋጋ የሚልኩ 200 አንባቢዎች ቢኖሩት፣ የሚጽፈውን ለመምረጥ ትንፋሽ ያገኛል።

እና የምትጽፉ ልጆች፣ በተለይ ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ ተከራይታችሁ ማታ ማታ ስልክ ላይ የምትተይቡ፦ ኪራይ የሚከፍሉ ፍቅረኞችን ጻፉልን። እኛም ለመጽሐፉ እንከፍላለን።