ዱቤ የማይሰጥ፣ ዱቤ የሚወስድ፦ ስለ ትልልቅ ሱፐርማርኬቶችና ስለ ሰፈር ንግድ ያለን አቋም



ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከሥሩ እንጀምር። የችርቻሮ ንግድ ለረጅም ዓመታት ለአገር ውስጥ ባለሀብት ተከልሎ ቆይቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት ደንብ ቁጥር 474ም ይህንኑ አጽንቶ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ግን የኢንቨስትመንት ቦርድ ባወጣው መመሪያ ቁጥር 1001 የጅምላውም የችርቻሮውም በር ለውጭ ባለሀብት ተከፈተ። የሚሊዮኖችን እንጀራ የሚነካ ጉዳይ በሕዝብ ተወካዮች ፊት በግልጽ ክርክር ሳይሆን በቦርድ መመሪያ ተወሰነ። የመጀመሪያው ተቃውሟችን ይህ ነው።

አቋማችን እንዳይጣመም አስቀድመን እንናገር። ሱፐርማርኬትን በሱፐርማርኬትነቱ አንቃወምም። የውጭ ዜጋንም አንጠላም። ሸማቹ ንጹሕ ዕቃ፣ የተለጠፈ ዋጋና ደረሰኝ ማግኘት መብቱ ነው። ዘይትና ስኳር እየደበቀ ዋጋ ለሚሰቅል ነጋዴም ጠበቃ አንቆምም። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ዳኛ በሌለበት ሜዳ ዝሆንና ድኩላን ማጋጠም ውድድር ይባላልን?

የሰፈር ባለሱቅ ሩብ ኪሎ ስኳር መዝኖ ይሸጣል። ደመወዝ እስኪወጣ በዱቤ ደብተሩ ይመዘግባል። ባለጉልቷ እናት ሽንኩርትና ቲማቲም በመደብ ሸጣ ልጆቿን ታስተምራለች። ትልቁ ሰንሰለት በሌላ ቅርንጫፉ ትርፍ እየተደጎመ ለወራት ከወጪው በታች ሊሸጥ ይችላል፤ ባለሱቁ ግን አንድ ወር ከከሰረ የሱቅ ኪራይ አይከፍልም። ጎረቤት ሱቆች ከተዘጉ በኋላ ዋጋው ሲሰቀል ሸማቹ ወዴት ይሄዳል? ዛሬ በርካሽ የገዛውን ነገ በእጥፍ ይከፍላል።

ከጎረቤታችን ኬንያ እንማር። ኡቹሚ የተባለው ሰንሰለት በ2015 እ.ኤ.አ. የኡጋንዳና የታንዛኒያ መደብሮቹን ሲዘጋ ብዙ አቅራቢዎች ገንዘባቸውን ሳያገኙ ቀሩ። ግዙፉ ናኩማት በ2017 እ.ኤ.አ. ሲንኮታኮት ለአቅራቢዎች ያልተከፈለው ዕዳ በቢሊዮን ሽልንግ የሚቆጠር ነበር። ነገሩ ይህ ነው፦ ትልቁ መደብር ለድሃ ዱቤ አይሰጥም፤ ከድሃ ግን ዱቤ ይወስዳል። አትክልቱንና ወተቱን ተቀብሎ፣ ሸጦ፣ ገንዘቡን ይዞ ይቆያል።

ኬንያውያን ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በ2016 እ.ኤ.አ. የውድድር ሕጋቸውን አሻሽለው የገዢን ጉልበት አላግባብ መጠቀምን ከለከሉ። የውድድር ባለሥልጣናቸውም በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. በኬንያ የካርፉርን መደብሮች በሚያስተዳድረው ኩባንያ ላይ የ1.1 ቢሊዮን ሽልንግ ቅጣት ወሰነ። ሕንድም በ2012 እ.ኤ.አ. በሯን ስትከፍት ባለሀብቱ ቢያንስ 100 ሚሊዮን ዶላር እንዲያፈስስ፣ ከሚገዛው የተመረተ ዕቃ 30 በመቶውን ከአነስተኛ አምራቾች እንዲወስድና ክፍላተ ሀገሩ ራሳቸው እንዲፈቅዱ ደነገገች። በደቡብ አፍሪካ ዋልማርት ማስማርትን በገዛ ጊዜ የውድድር ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2012 እ.ኤ.አ. 503 ሠራተኞች ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ አዘዘ።

የእኛስ አገር? በአዋጅ ቁጥር 813/2006 የተቋቋመ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ነበረን። በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ፈርሶ ሥልጣኑ ወደ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ተጠቃለለ። በሩ ከመከፈቱ ሁለት ዓመት አስቀድሞ ዘበኛው ከደጃፉ ተነሣ ማለት ነው። ባለሀብት የሚጋብዘው መንግሥት፣ መሬት የሚሰጠው መንግሥት፣ ጥፋቱን የሚዳኘውም ያው መንግሥት ከሆነ፣ ባለጉልቷ አቤቱታዋን ለማን ታቅርብ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 89 ኢትዮጵያውያን ሁሉ የኢኮኖሚ ሁኔታቸውን ለማሻሻል እኩል ዕድል እንዲያገኙ መንግሥት ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። በወረቀት ላይ የቀረ ድንጋጌ እንጀራ አይሆንም።

ስለዚህ ፓርቲያችን በድምፃችሁ ሲመረጥ የሚከተሉትን ይፈጽማል፦

1. የችርቻሮ ንግድ አከፋፈት በምክር ቤት ክርክር ተደርጎበት በአዋጅ ይወሰናል።

2. ተጠሪነቱ ለምክር ቤቱ የሆነ፣ ከሚኒስቴር ነፃ የውድድር ባለሥልጣን እንደገና ይቋቋማል።

3. ማንኛውም ትልቅ መደብር፣ የአገር ውስጥም የውጭም፣ ለአቅራቢው በ30 ቀን ውስጥ ይከፍላል፤ ካዘገየ ከነወለዱ።

4. ተወዳዳሪን ለማጥፋት ከወጪ በታች መሸጥ በግልጽ ይከለከላል።

5. ለትልልቅ መደብሮች የሚሰጥ መሬት በአደባባይ ጨረታ ይሆናል፤ በአካባቢው ላሉ ባለሱቆችና ባለጉልቶች መሸጫ ቦታ ሳይዘጋጅ አንድም ሱቅ አይነሣም።

6. ትንንሽ ባለሱቆች በማኅበር ተደራጅተው በጅምላ እንዲገዙ የብድር ዋስትና ይመቻቻል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራልና።

መራጮች ሆይ! ሌሎች በሩን ሲከፍቱ ሕግ አስቀድመው ነበር ወይም ሕጋቸውን ፈጥነው አጠበቁ። እኛም ይህንኑ እንላለን፦ በሩ ይከፈት፤ ዘበኛው ግን በቦታው ይቁም። ዘበኛውን የሚያቆመው የእናንተ ድምፅ ነው።