ልብስ ብቻውን ሕዝብ አይሆንም



ከፈተና በኋላ ጠረጴዛ ከብበን የምንጫወተው ጨዋታ አለ። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቻችን እያንዳንዳችን አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘን ታሪኩን በንግግር እንገፋዋለን። ዳይስ መጣል የማይፈልጉ ጓደኞች ስላሉን፣ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ጠቅልለን ዕጣ እናወጣለን። በዚህ ጨዋታ ዓለም ይፈጠራል፣ በዓለሙም ላይ ሕዝቦች ይፈጠራሉ። አስቸጋሪው ይህ ነው። የተራራው ሕዝብ ኃይለኛ፣ የበረሃው ቁጡ፣ የከተማው ስስታም ተብሎ ይመደባል፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ልብስና የአነጋገር ዘዬ ይሰጠዋል፤ በቃ፣ ሕዝብ ተፈጠረ ይባላል። ይህ ለምን እንደማይበቃና ጉዳዩ ለምን ከጨዋታ እንደሚያልፍ ማሳየት እንፈልጋለን።

የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ፈር ቀዳጅ የሆነው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» አሜሪካ ውስጥ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። በጨዋታው ለረጅም ዘመን አንድ ገጸ ባሕርይ በዘሩ ምክንያት የብርታት ወይም የብልህነት ነጥብ ይጨመርለት ወይም ይቀነስበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የተጫዋቾች መጽሐፍ «ዘር» የሚለውን መጠሪያ ትቶ፣ ነጥቡን ገጸ ባሕርይው ካሳለፈው ሕይወት ጋር አያያዘው። እዚህ ለመድረስ ሃምሳ ዓመት ፈጅቷል።

ፊልምም ከዚህ አላመለጠም። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው «ብላክ ፓንተር» ከንፈሩ ላይ ገል ያደረገ ወንድ ሽማግሌ እናያለን። በአገራችን በሙርሲና በሱሪ ዘንድ የከንፈር ገል የሚያደርጉት ሴቶች ናቸው። ምናብ ነውና ይቻላል ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን ዕቃው ተወስዶ ትርጉሙ እዚያው ቀርቷል።

እኛ ሙስሊሞች ይህ ነገር እንዴት እንደሚያም ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በተከታታይ ድራማ ላይ ሙስሊም ገጸ ባሕርይ ሲመጣ ብዙ ጊዜ መታወቂያው ኮፍያ፣ ጀለቢያና በየዓረፍተ ነገሩ ጣልቃ የሚገባ «ወላሂ» ነው። ሱቁን ይከፍታል፣ ሱቁን ይዘጋል። በመድረሳ አብረውን የቀሩት የወሎ፣ የስልጤ፣ የጉራጌና የጅማ ልጆች ግን ያው ኮፍያ በራሳቸው ላይ እያለ አንዱ ከሌላው ይለይ ነበር፤ በሰላምታው፣ በቀልዱ፣ በኀዘኑ፣ ለታላቅ በሚሰጠው ቦታ።

ታዲያ አንድን ሕዝብ ራሱን የሚያደርገው ምንድን ነው? ምህንድስና የሚማር ሰው የሕንፃን ቀለም መጀመሪያ አያስብም፤ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሸክሙ በየት በኩል ወደ መሬት እንደሚወርድ ነው። የሕዝብም እንዲሁ ነው። ሰዎች በየዕለቱ የሚሸከሙትን ግዴታ ካወቅን የቀረው ይከተላል።

አፋርን እንይ። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቆም ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ዳጉ ይባላል። ያየኸውንና የሰማኸውን በትክክል መንገር ግዴታህ ነው። ይህን ሥርዓት ወደ ምናብ ዓለም ብናመጣው፣ በዚያ በረሃ ሰላይ ተደብቆ ማለፍ እንዴት ይችላል? አንድ ግዴታ ብቻ ታሪኩን ሁሉ ይለውጠዋል። ሐረርንም እንይ። በባህላዊው የሐረሪ ቤት ሳሎኑ ነደባ በሚባሉ፣ ከፍታቸው በሚለያይ መደቦች የተከፋፈለ ነው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። እንግዳ የሆነ ገጸ ባሕርይ እዚያ ቤት ገብቶ የማይገባው መደብ ላይ ቢቀመጥ፣ ሰይፍ ሳይመዘዝ ታሪኩ ይጦዛል።

አሁን ወደ ሠፈራችን ወደ ጉለሌ እንምጣ። ሽሮ ሜዳ ነጠላ ሊገዛ የሚሄድ ብዙ ሰው ሸማኔውን ሁሉ «ዶርዜ» ይለዋል። ዶርዜ ግን በጋሞ ደጋ ከሚኖሩት ማኅበረሰቦች አንዱ እንጂ የሙያ ስም አይደለም። እጀ ጥበበኛን ማንቋሸሽ በአገራችን የቆየ በሽታ ስለሆነ፣ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረው ነበር። በጨዋታችን «ሸማኔው ሕዝብ» ብለን አንድ ነገድ ብንፈጥር፣ ያንኑ ስድብ በሌላ ስም መድገም ይሆናል። ይልቅ ጠጋ ብለን እንጠይቅ። በልማዱ ፈትሉን የምትፈትለው ሴቷ ናት፣ የሚሸምነው ወንዱ፤ ስለዚህ አንድ ጋቢ የሁለት ሰው እጅ ነው። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ተሠርቶ ረጅም ሆኖ ይቆማል፤ ምስጥ ከሥር ሲበላው እየተቆረጠ ያጥራል፤ ስለዚህ ያጠረ ቤት ብዙ ዘመን ያየ ቤት ነው።

ከዚህም የሚከብድ አለ። በመስከረም 2011 ከጉለሌ ብዙም በማይርቀው ቡራዩ በጋሞ ተወላጆችና በሌሎችም ላይ ጥቃት ደረሰ። አርባ ምንጭ ላይ ወጣቶች ለበቀል ሲነሱ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ተመለሱ። ይህን በጨዋታ ለማሳየት የሸማ ጥለት መግለጽ አያስፈልግም። አንድ ሕግ ይበቃል፦ ሽማግሌ ሣር ይዞ ከተንበረከከ አልፎ መሄድ አይቻልም። ከዚያ በኋላ የሚጨነቀው ተጫዋቹ ነው። ወገኑ ተገድሎበታል፤ ሣሩ ደግሞ ፊቱ ላይ ነው።

«ጨዋታ ነው፣ ምን ያካብደዋል?» የሚል አይጠፋም። የሚያካብደው ልማዱ ነው። የዶርም ዝርዝር ሲለጠፍ፣ ሰውየውን ገና ሳያይ ከስሙ ብሔሩን፣ ከብሔሩም ጠባዩን የሚገምት ተማሪ አለ። ይህ ተማሪ ሕዝብን በነጥብ ከሚመድበው ጨዋታ በምን ይለያል? ሱረቱል ሑጁራት ነገድና ጎሳ ሆነን የተፈጠርነው እንድንተዋወቅ መሆኑን ያስተምረናል። መተዋወቅ ደግሞ ከመገመት ሌላ ሥራ ነው፤ መጠየቅን ይፈልጋል።

ሌላው ስጋት፣ የሰውን ባህል መጫወቻ ማድረግ ነውር አይሆንም ወይ የሚለው ነው። ተገቢ ስጋት ነው። ሰው የሚያከብረውን ነገር ለሳቅ ማምጣት ነውር ነው። ባለቤቱን ጠይቆ፣ ገብቶት፣ ክብሩን ጠብቆ መተረክ ግን ሌላ ነው። ለዚህ የእኛ ግቢ ትልቅ ዕድል ነው፤ ከየአቅጣጫው የመጣ ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ያድራል።

ስለዚህ ለሚጫወቱም፣ ድርሰት ለሚጽፉም ወንድሞችና እህቶች የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ሕዝብ ስትፈጥሩ ከልብሱ በፊት አራት ጥያቄ መልሱ፦ ለእንግዳ ምን ግዴታ አለባቸው? ቁጣቸውን የሚያስቆመው ምንድን ነው? ማን የት ይቀመጣል? ከመካከላቸውስ በዚህ ሁሉ የማይስማማው ማን ነው? አራተኛውን አትዝለሉት፤ ሁሉም አንድ ዓይነት የሚያስብበት ሕዝብ በምድር ላይ የለም። መልሱ ከጠፋችሁ የዶርም ጓደኛችሁን ስለ አገሩ ጠይቁት። ልብሱን መጨረሻ ላይ ሽሮ ሜዳ ታገኙታላችሁ።

ወላሁ አዕለም።